ታቹ ይታይ

አዲሱ ገበያ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ከሀጂራ ሱቅ ጀርባ ባለው ግቢ የምትኖረውን አፀደን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። የሚያውቃትም በአንዲት ቃሏ ነው። ሴት ልጅ ስትዳር፣ የሙሽራው ሚዜዎች ጥሎሹን ተሸክመው ሲመጡ፣ ሻንጣው በቤተ ዘመድ ፊት ተከፍቶ ቀሚሱም ጫማውም አንድ በአንድ ከፍ እየተደረገ ሲታይ፣ ከሴቶቹ መሃል አፀደ ብድግ ትላለች። ቀሚሱን ወደ ብርሃን ዘርግታ ታየዋለች፤ ስፌቱን ሳብ ሳብ ታደርጋለች፤ የጫማውን ሶል ታጥፋለች። ሚዜዎቹ «በቃ፣ አለቀ» ብለው ላባቸውን ሲጠርጉ እርሷ ገና ናት። «ታቹ ይታይ!» ትላለች። ሻንጣው ይዘቀዘቃል፤ አፀደ ጎንበስ ብላ ታቹን በጣቷ ቆርቆር ታደርገዋለች። እልልታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያማት ሞልቷል። «ሰርግ ቤት የመጣን መስሎን ጉምሩክ ገባን» ያለ ሚዜም ነበር። ሴት ልጅ ያላት እናት ግን ድንኳን ከመከራየቷ በፊት አፀደን ትጠራለች፤ ጥርጣሬዋ ያለ ፍሬ የቀረበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ወርቅ ነው ተብሎ የመጣ ሀብል በጥፍሯ ፋቅ አድርጋ መዳቡን አሳይታለች። አንዴ ደግሞ ከአንድ ሻንጣ ያወጣችው ጫማ ሁለቱም የግራ እግር ሆኖ ሰርገኛው በሳቅ ሲፈርስ፣ እርሷ ፈገግ እንኳ አላለችም። «ጠርጥር፣ ገንፎም አለው ስንጥር» የሚለውን ተረት ከአቡነ ዘበሰማያት አስከትላ የምትደግመው ነው የሚመስለው።

ሲፈጥራት እንዲህ አልነበረችም። ዓለሜን ስታገባ ገና ልጅ እግር ነበረች፤ ጥሎሿም በትልቅ አረንጓዴ የብረት ሳጥን መጣ። ሁለት ሚዜዎች ተሸክመውት ጉልበታቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲከፈት ከላይ ካባ፣ ከካባው ላይ ደግሞ መስቀል ያንጠለጠለ ወፍራም የወርቅ ሀብል ታየ። ሽማግሌዎቹ የሳጥኑን ክብደትና የሚዜዎቹን ላብ አይተው «ይበቃል፣ ዝጉት፣ እንዳለ ይግባ» አሉ። የሰርጉ ሰሞን አልፎ አፀደ ሳጥኑን በራሷ እጅ ስትከፍት ከካባው ሥር ጭድ አገኘች፤ ከጭዱ ሥር የወፍጮ መጅ። ብዙም ሳይቆይ የዓለሜ የክርስትና እናት መጡ፤ ተቀመጡ ሲባሉም አልተቀመጡም። «ልጄ፣ ሀብሉ እኮ የውሰት ነው» አሏት። ከአንገቷ ፈትታ በእጃቸው ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

ዓለሜ ክፉ ሰው አልነበረም። በድህነቱ ያፈረ ሰው ነበር። «ያንኑ የሚመስል እገዛልሻለሁ» እያለ ኖረ፣ እያለ ሞተ። ትወደው ነበር፤ ይህን እርሷም አትክድም። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና ከዚያ ወዲህ የተዘጋ ነገር አላመነችም። ትልቅ ሆኖ የተዘጋ ነገርማ ጭራሽ።

ኑሮዋ በጣቷ ነው። የሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች ነጠላና ጋቢ ይልኩላታል፤ እርሷ በር ላይ ተቀምጣ ጫፉን ትቋጫለች። ክር ስትገምድ ውላ ሸማኔው የዘለላትን አንዲት ድር ዓይኗ ይለቅማል። ልጅ አልወለደችም፤ እህቷ ስትሞት የተወችላትን ሄርሜላን ግን ጡት እንደጣለች ተቀብላ አሳድጋለች። ሄርሜላም «እማ» ትላታለች። አሁን ጳውሎስ አካባቢ ፋርማሲ ትሠራለች። እዚያው ሰፈር ላቦራቶሪ ከሚሠራው ከዮፍታሔ ጋር ተዋውቃ፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰርጉ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ እንዲሆን ተቆርጧል።

አፀደ ዮፍታሔን ስትመረምር ከረመች። አይጠጣም። አያጨስም። ሲመጣ ጫማውን በር ላይ ያወልቃል፤ ሲሄድ ደግሞ የተቀመጠበትን ወንበር ወደ ቦታው ይመልሳል። ይህ ሁሉ እንቅልፍ ነሳት።

«ምኑ ነው የጎደለው?» ብላ ሀጂራን ጠየቀቻት። ሀጂራ የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ልጆቿን የወለደችውም ባሏን የቀበረችውም አፀደ አጠገቧ እያለች ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ምንም ካልጎደለው ምን አስጨነቀሽ?» አለች ሀጂራ ምስሩን እየመዘነች።

«እሱ ነዋ ያስጨነቀኝ። የሌለበት ሰው የለም ሀጂርዬ። ያልታየበት ነው ያለው።»

ነገሩ ክፋት አልነበረም። ፍርሃት ነው። ሄርሜላ እንደ እርሷ ከሰርጉ ማግስት ብቻዋን ቆማ፣ ካባ ገልጣ ጭድ እንዳታይ ብቻ ነበር ጭንቀቷ። ያን ቀን የተሰማትን ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ልጇ ግን ያንን ከምታይ እርሷ ብትሞት ትመርጥ ነበር።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ካርቶኖቹ መጡ። ሄርሜላና ዮፍታሔ እንደ ሰው መርካቶ አይወጡም። ስልካቸው ላይ ያያሉ፣ ስልካቸው ላይ ያዛሉ፣ ሞተረኛ ያመጣላቸዋል። ቀን ሥራ ላይ ስለሚውሉ ዕቃውን የምትረከበው ከቤት የማትለየው አፀደ ሆነች። መጀመሪያ የመጣውን ካርቶን ስታይ ቴሌቪዥን የገዙ መስሏት ቦታ ስታመቻች ነበር። ሄርሜላ ከሥራ ገብታ ከፈተችው። በካርቶኑ ውስጥ ሌላ ካርቶን፣ በዚያ ውስጥ አየር የተነፋ ፕላስቲክ፣ በፕላስቲኩ መሃል የተጨማደደ ወረቀት፣ በወረቀቱ ውስጥ ሊፕስቲክ። አፀደ የቀረው እስኪወጣ ቆማ ጠበቀች።

«ሌላውስ?»

«ሌላ ምን አለ እማ? ይኸው ነው እኮ።»

«ለዚች ጣቴን ለማታክል ነገር ነው ይሄ ሁሉ?»

«እንዳይሰበር ብለው ነዋ።»

«ሊፕስቲክ ምኑ ይሰበራል?»

ቀጥሎ የመጣው የስልክ ሽፋን ነበር፤ እርሱም አንድ ክንድ በሚያህል ካርቶን። ከዚያ የፀጉር ማስያዣ መጣ፣ አፀደ አሽከርክራ አሽከርክራ ልታገኘው ያልቻለችው፤ ሄርሜላ ናት ከካርቶኑ ማዕዘን ፈልጋ ያወጣችው። ለሀጂራ ስታወራላት ሀጂራ አልተደነቀችም።

«ዘንድሮ መርፌ ብታዥ በቁም ሳጥን ነው የሚያመጡልሽ። እኔ እንኳ ስኳር በአንድ ፌስታል ስሰጥ ደንበኛዬ ያኮርፋል፤ ደርቢልኝ ይላል። ሰው እኮ የሚገዛው በዓይኑ ነው።»

«ደህና ዕቃ አይደበቅም» አለች አፀደ። «ጋቢ ተዘርግቶ፣ ተራግፎ፣ ፀሐይ አይቶት ነው የሚሸጠው። ይሄን ያህል የሸፈነ ሰው የሸፈነው ነገር አለ።»

በዚሁ ሰሞን ከግድግዳዋ ላይ የሰርጓ ፎቶ ጠፋ። ያን ሀብል አንገቷ ላይ አድርጋ የተነሳችው አንድ እርሱ ብቻ ነው። ሄርሜላ «ላሳድስልሽ ወስጄው ነው» አለች፤ ስትናገር ግን ዓይኖቿ ወደ ወለሉ ሄዱ። ቆይቶ ፎቶው ተመለሰ። እንደነበረው ነው፤ የታደሰ ነገር የለውም። አፀደ አልረሳችውም። ልጅቷም መዋሸት ጀምራለች ማለት ነው፤ ማን አስተማራት?

ሁዳዴ ሊያልቅ ሲል ዮፍታሔ ደወለ።

«እትዬ አፀደ፣ እንደምን ዋሉ? ዛሬ አንድ ካርቶን ይመጣል። የጥሎሽ ነው። እ... ማለቴ፣ እንደታሸገ ነው የሚቀርበው፣ ከነሪባኑ። አደራ እንዳይከፈት። ከሥራ ስወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

«ምንድነው ያለበት?»

«እሱን ያን ቀን ያዩታል» ብሎ ሳቀ። «አደራ፣ እትዬ።»

አደራ ቀላል ቃል አይደለም። የሰው አደራ የበላ ሰው መቃብሩ ላይ ሣር አይበቅልም እየተባለች ያደገች ሴት ናት። ግን ልጁ ደግሞ ለምን ደጋገመው? ለምንስ ሳቀ?

ሞተረኛው የግቢውን በር ስቶ ካርቶኑን ሀጂራ ሱቅ ጥሎት ሄደ። ሀጂራ ስትጣራ አፀደ ወጣች። ካርቶኑ ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ሀጂራን ጨርሶ ሸፍኗት ድምጿ ብቻ ይሰማል። በቡናማ ፕላስተር ዙሪያውን ተጠምጥሟል፤ በየጎኑ «ተሰባሪ» የሚል ቀይ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። አፀደ ወገቧን አጥብቃ፣ ትንፋሿን ሰብስባ ብድግ ስታደርገው ካርቶኑ ከጠበቀችው በላይ ሽቅብ ተነስቶ ወደ ኋላዋ ሊጥላት ምንም አልቀረው።

«ሀጂርዬ፣ ይሄ ነገር ክብደት የለውም።»

«እሰየው ነዋ፣ ወገብሽን አያምሽ።»

«ጭድ እንኳ ከዚህ ይከብዳል።»

ሀጂራ የጭዱን ታሪክ ታውቃለች። ሳቋን ዋጥ አድርጋ ከካርቶኑ ጎን ብቅ አለች። «አፀዱ፣ የሰው አደራ ነው። ተይው።»

አፀደ ቤቷ ገብታ በሩን ዘጋች። ካርቶኑን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ነቀነቀችው፤ ኮሽ አይልም። ጆሮዋን ለጠፈችበት። ከዚያ «እኔ ምን አገባኝ» ብላ ነጠላዋን አነሳች፤ ጣቶቿ ግን እንቢ አሏት፣ ያው አንድ ቋጠሮ ሲፈታና ሲታሰር ቆየ። «ጥሎሽ» ነው ያለው። በጥሎሽ ቀን ይህ ግዙፍ ነገር በሪባን ታስሮ ይገባል፣ ሽማግሌዎቹ ግዝፈቱን አይተው «ይበቃል» ይላሉ፣ እልል ይባላል፣ ልጅቷ ትሄዳለች። አፀደ ይህን ሰርግ አይታዋለች፤ ሙሽራዋ እርሷ ነበረች። የክር መቁረጫ ምላጯን አነሳች።

ፕላስተሩን በጥንቃቄ ሰነጠቀችው። ከውስጥ ነጭ ካርቶን ወጣ፤ በወርቃማ ሪባን የታሰረ። ሪባኑን አስተሳሰሩን አስተውላ ፈታችው። አየር የተነፉ ፕላስቲኮች ፈልቀው ወጡ። ከእነሱ ሥር የተተለተለ ወረቀት፣ ከወረቀቱ ሥር ነጭ ፎም፣ ከፎሙ ሥር ደግሞ ወረቀት። አልጋው ሞላ፤ ወለሉ ሞላ። ዕቃ የለም። ከወረቀቱ መሃል ትናንሽ ነጫጭ ከረጢቶች ብቻ ተበታትነው አገኘች። በባዕድ ፊደል ተጽፎባቸዋል፤ ሲነኩ እንደ ጥሬ ጨው ይንኮሻኮሻሉ። አንደኛዋ ከሌሎቹ ወፈር ትላለች።

አፀደ እጇን ሰበሰበች። በሙሽራ ዕቃ መሃል ተሰውሮ የሚላክ ዱቄት! «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» አለች። መተት ነው ብላ አልደመደመችም፤ አይደለም ብላ የምትምልም ግን አይደለችም። እጇን በፌስታል ጠቅልላ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ አንድ በአንድ እየለቀመች ከወረቀቱ ጋር ማዳበሪያ ውስጥ ጨመረቻቸው። ከጠርሙሱ ጠበል ረጨት አደረገች። ከዚያ እንደ ልማዷ ካርቶኑን ዘቅዝቃ ታቹን ቆረቆረችው። ባዶ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ያ አረንጓዴ ሳጥን ዞሮ ዞሮ ለልጇ መጣ፤ የአሁኑ መጅ እንኳ የለውም። ዮፍታሔን ጠላችው፤ ጫማውን በር ላይ ማውለቁን ሁሉ ጠላችው።

ወረቀቱንና ፕላስቲኩን መልሳ ልትከተው ሞከረች። ከዚያ የወጣ ነገር ግን ወደዚያ አልገባ አለ። አንዱን ጎን ስትደፍነው በሌላው ይወጣል፤ በጉልበቷ ስትጫነው አንዱ ፕላስቲክ ሥሯ ፈንድቶ አስጮኻት። በዚህ መሃል የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ጋሪ በግቢው በር ሲያልፍ ተሰማት። ማዳበሪያውን እንዳለ አውጥታ ሰጠቻቸው፤ እሰይ፣ መተቱም ከቤቷ ወጣ። ካርቶኖቹን ባዷቸውን መልሳ ሪባኑን አሰረች። ቀጥላ ወደ ሱቅ ሄዳ ፕላስተር ጠየቀች።

«ምን ልታደርጊበት?» አለች ሀጂራ።

«የማሽገው ነገር አለኝ።»

ሀጂራ ረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ፕላስተሩን ሰጠቻት።

ዮፍታሔ ከሥራ ሲወጣ መጣ። ካርቶኑን በሁለት ጣቱ ብድግ አድርጎ ደስ ብሎት «ይቀላል አይደል?» አላት።

አፀደ ዓይን ዓይኑን አየችው። ይሄ ደግሞ ማፈር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «በጣም» አለችው።

ለሄርሜላ አልነገረቻትም። ብትነግራት ልጅቷ ሄዳ ልጁን ትጠይቀዋለች፤ ልጁ ካርቶኑን በሆነ ነገር ሞልቶ ያመጣዋል፤ ሞኝ የምትሆነው አፀደ ትሆናለች። አይሆንም። በቤተ ዘመድ ፊት፣ በአደባባይ ይከፈት። ሰርጉ ቢፈርስ ይፍረስ፤ ከሰርጉ ማግስት ከማልቀስ በዋዜማው ማልቀስ ይሻላል። ሰሙነ ሕማማትን ስትሰግድ ከረመች፤ ጉልበቷ ሲዝል የምታስበው ግን ካርቶኑን ነበር። ሄርሜላ «እማ፣ ምነው ከሳሽ?» ስትላት «ጾሙ ነው» አለች።

የጥሎሹ ቀን ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሰው ሞላ። ለሙስሊም እንግዶች ሀጂራ ራሷ አሳርዳ ያሠራችው ወጥ በአንድ ጥግ ለብቻው ተቀምጧል፤ እርሷም እዚያው አጠገብ ሐምራዊ ሻሿን አስራ ተቀምጣለች። የአፀደ ታላቅ ወንድም አቶ ኪሩ በሽማግሌዎቹ መሃል ተቀምጠዋል። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ ገቡ፤ እንደ ዘንድሮ ሙሽሮች ዮፍታሔም አብሯቸው አለ። አንድ ትልቅ ሻንጣና ያን ካርቶን ይዘዋል። ዮፍታሔ ለአንደኛ ሚዜው ለፊሊሞን በጆሮው አንድ ነገር አለው።

«በዚህ እንጀምር ተብሏል!» ብሎ ፊሊሞን ካርቶኑን ከራሱ በላይ አነሳው። ሴቶቹ በግዝፈቱ «ኧረ ጉድ!» አሉ። ፕላስተሩ ተቀደደ። ነጩ ካርቶን ወጣ። ሪባኑ ተፈታ። ፊሊሞን ክዳኑን ከፍቶ እየሳቀ እጁን ሰደደ፤ እስከ ክርኑ ገባ። ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ።

አፀደ ብድግ አለች። «ታቹ ይታይ!»

ፊሊሞን ዮፍታሔን አየ፣ አፀደን አየ፣ ካርቶኑን ዘቀዘቀው። ቅንጣት ወረቀት እንኳ አልወደቀም።

ዘፈኑ ቆመ። ሄርሜላ የቆመችበት ቦታ ላይ ቀረች።

«ልጄ» አሉ አቶ ኪሩ ቀስ ብለው፣ «ባዶ ካርቶን ነው ያመጣህልን?»

«አይደለም አባባ! ነበረበት። እመብርሃንን ነበረበት!» ዮፍታሔ ላቡ በግንባሩ ወረደ። ከሴቶቹ መሃል «የሌባ ዐይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ» የሚል ድምፅ ተሰማ። የዮፍታሔ አጎት ተነሱ። «የኛን ልጅ ሌባ ለማለት ነው? የወሰደው ሞተረኛው ይሆናል!» አሉ። ወዲያው ከወንዱ ወገን ሌላ ሰው ተቀበላቸው። «ሞተረኛውማ ቤት አላደረሰውም። እዚህ ሱቅ ነው አሉ ጥሎት የሄደው። ሱቅ ውስጥ ነው የዋለው።»

የድንኳኑ ዓይን በሙሉ ወደ ሐምራዊው ሻሽ ዞረ።

ሀጂራ ቀስ ብላ ተነሳች። የሚናገረውን ሰውዬ አላየችውም፤ አፀደን ነው ያየችው። የፕላስተሩን ነገር ብትናገር በአንድ ቃል ነፃ ትወጣ ነበር። አልተናገረችም።

«አዎ፣ ሱቄ ነበር» አለች። «ወላሂ አልነካሁትም። የቀረውን አፀደ ታውቃለች።»

አፀደ እንዲህ አልነበረም ያሰበችው። ልጁ ይጋለጣል፣ ልጇ ትድናለች፣ በቃ። ሀጂራ በሌብነት ስትታይ ግን ልቧ አልቻለም።

«ሀጂራን ተዉ!» ብላ ጮኸች። «እሷ አልነካችውም። እኔ ነኝ የከፈትኩት! እዚሁ ቤቴ ውስጥ፣ በምላጬ ከፈትኩት። ያን ጊዜም ባዶ ነበር። ወረቀት ብቻ! ይሄ ልጅ ወረቀት በሪባን አስሮ ነው ልጄን ሊወስድ የመጣው!»

ጉምጉምታ ተነሳ። ዮፍታሔ ግን አላፈረም። አፉን ከፍቶ ነው የቀረው።

«እርስዎ ከፈቱት? ወረቀቱስ... ወረቀቱ መሃል ትንሽ ነጭ ከረጢት አላዩም? ከእርጥበት መምጠጫዎቹ ጋር፣ ወፈር ያለች?»

«የምን እርጥበት?» አለች አፀደ።

«እማ» አለች ሄርሜላ ከወዲያ፣ «መድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ የምትጨመረዋ። ዕቃ እርጥበት እንዳያገኘው የሚያደርጓት።»

አፀደን ፌስታል የጠቀለለችበት እጇ ትዝ አላት። ፊቷን ወደ ግድግዳው ማዞሯ ትዝ አላት። አንድ ጊዜ እንኳ ቀድዳ አለማየቷ፤ ሻንጣ ሁሉ ስታስከፍት የኖረችው ሴት ያችን አንዷን ፈርታ አለመክፈቷ።

«ምን ነበረባት?» አለች።

ሄርሜላ እንባዋ በተኳለችው ዓይኗ ላይ እየወረደ መጥታ ፊት ለፊቷ ቆመች።

«ሀብል ነበር፣ እማ። የኔ አይደለም። ያንቺ ነው። ፎቶሽን የወሰድኩት ለወርቅ ሠሪው ላሳየው ብዬ ነበር። ያንኑ አስመስሎ ሠራው፣ ከነመስቀሉ፤ መንገድ ላይ እንዳይሰረቅም በዚያች ከረጢት ደብቆ ላከው። ታሪኩን ስነግረው ዮፍታሔ ነው ያሰበው። ሙሽራዋ ከመቀበሏ በፊት ላንቺ በሰው ፊት ይጠለቅልሽ ብሎ ነው።»

የአፀደ እጅ ሳታዘው ወደ አንገቷ ሄደ። አንዴ ከአንገቷ ፈትታ ለባለቤቱ መልሳዋለች፤ ያኔ የሰው ነበር። አሁን የራሷ ሆኖ እቤቷ ድረስ ሲመጣላት በፌስታል ይዛ፣ አማትባበት፣ ለቆሻሻ ጋሪ ሰጠችው። ዓለሜ ዕድሜውን ሙሉ ሊያደርግላት የፈለገውን ይህ ልጅ አደረገላት፤ እርሷ ደግሞ ክፉ ሊያደርግባት የመጣ መሰላት። ኀፍረቱ ከሐዘኑ በለጠባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«አደራ በልቻለሁ» አለች ድንኳኑ ሁሉ እየሰማት። «አደራ ብሎኝ በላሁ። በዚያ ላይ ሌባ አስባልኩት።» በዮፍታሔ ጉልበት ላይ ልትወድቅ ስትል ቀድሞ በትከሻዋ ያዛት። «ኧረ እትዬ፣ ኧረ ምን ነካዎት!» ይላል፤ እርሱም ያለቅሳል። ከእርሱ እጅ ወጥታ ወደ ሀጂራ ዞረች። ሀጂራ ከቆመችበት ጥግ በእጇ «ተይው፣ ተይው» አለቻት።

ሚዜዎቹ ምን እንደሚያደርጉ ጠፋቸው። ፊሊሞን ባዶውን ካርቶን በእግሩ ገፋ አድርጎ ትልቁን ሻንጣ ወደ መሃል ሳበው። ሻንጣው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ዚፑ ሊፈነዳ ደርሷል። እጁን ዚፑ ላይ አድርጎ ቀና ሲል ያየው አቶ ኪሩን ሳይሆን አፀደን ነው። በዚህ ሰፈር ጥሎሽ የሚያሳይ ሰው የሚያየው እርሷን ነዋ።

አፀደ ሻንጣውን አየችው። ትልቅ ነው። ተዘግቷል። ምን እንዳለበት አታውቅም፤ ጭድም ሊሆን ይችላል፣ መጅም ሊሆን ይችላል። ያ የለመደችው ቃል እስከ ከንፈሯ መጣ። ሄርሜላ እጇን ይዛታለች።

«ተወው» አለች። «አትክፈተው። እንዳለ ይግባ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ማመን አቅቷት «አፀደ፣ ታቹስ?» አለች።

«አይታይ።»

ከዚያ ከድንኳኑ ጥግ እልልታ ተሰማ። ቀድማ እልል ያለችው ሀጂራ ነበረች።